የካሜራ ክፍሉ ስልክ

ደሴ ላይ ለባንክና ለሆቴል ሠራተኞች፣ ለጥበቃ ኃላፊዎችና ለተማሪዎች የተናገርኩት ነው። የተደጋገመውን አውጥቼዋለሁ። ሌላው እንደወረደ ነው።

እንደምን አመሻችሁ። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ተከናንቧል፣ ብርዱም ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በዚህ ሰዓት ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። አዘጋጆቹ ቡና አለ ብለው ይሆናል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ አዎ፣ አንተ ባለ ሰማያዊ ሹራቡ። ስልክህን ጉልበትህ ላይ አስደግፈህ እየቀዳኸኝ ነው። አትደንግጥ፣ አታጥፋውም። ቅዳ። ግን አልጠየቅከኝም። ባላይህ ኖሮ ድምፄ ኪስህ ውስጥ ገብቶ ይሄድ ነበር። የዛሬው ወሬያችን እሱ ነው።

እኔ እዚሁ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ ሸዋ በር ኳስ ስጠልዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዲቪ ደረሰኝና አሜሪካ ሄድኩ። 11 ዓመት ካዚኖ ውስጥ ሠራሁ። ካርታ አላከፋፈልኩም፣ መጠጥም አልቀዳሁም። ካሜራ ክፍል ነበርኩ። እናቴ በስልክ “ሥራህ ምንድነው?” ስትለኝ “ቴሌቪዥን አያለሁ” እላት ነበር። “ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርከው?” ትለኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ደሴ ውስጥ ካዚኖ አላየሁም። ቤቲንግ ቤት ግን በየሰፈሩ አይቻለሁ፣ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው። የመጣሁት ስለ ቁማር ላወራ አይደለም። ስለ አንድ ስልክ ላወራ ነው።

የካዚኖ አዳራሽ ገብታችሁ ቀና ብትሉ ጣሪያው ላይ ጥቋቁር ጉልላቶች ታያላችሁ። ውስጣቸው ካሜራ አለ። ካሜራ ከመምጣቱ በፊት ሰው ነበር። ከጣሪያው በላይ ጠባብ መተላለፊያ ተሠርቶ፣ በአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ቁልቁል ያያሉ። ቆጥ ላይ ያለ ዶሮ በሉት።

ካሜራ ክፍሉ ከጥበቃ የተለየ ነው። ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ጥበቃው ዩኒፎርም ለብሶ ሰው መሃል ይቆማል። እኛን ግን ማንም እንዲያውቀን አይፈለግም። በራችን ላይ ጽሑፍ የለም። ከዲለሮቹ፣ ካርታ ከሚያከፋፍሉት ሠራተኞች ጋር መወዳጀት፣ አብሮ መብላት ክልክል ነው። ምክንያቱም የምንጠብቀው ተጫዋቹን ብቻ አይደለም። ዲለሩንም፣ የዲለሩን አለቃም፣ ገንዘብ ቆጣሪውንም ነው። የተጎራረሰ ሰው እንዴት ይካሰሳል? ነገሩ ልክ ነው። ለወሎ ሰው ግን ቅጣት ነው። እኛ ጎረቤት ካልተጠራ ቡናው የማይጥመን ሰዎች ነን። እዚያ ኮሪደር ላይ የሀገሬን ልጅ ሳገኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው።

አሁን ወደ ስልኩ። አብዛኛው የካዚኖ ካሜራ ድምፅ አይቀዳም። ሰው ሲስቅ፣ ሲሳደብ፣ ሲለምን ታያለህ፣ አትሰማም። የክፍሉ ጆሮ ስልኩ ብቻ ነው። ቺፕስ፣ በገንዘብ ፈንታ የሚጫወቱበት ክብ ጠጠር፣ ወደ ጠረጴዛ ሲመጣ ይደውላሉ። ቺፕስ ወደ ገንዘብ ቤት ሲመለስ ይደውላሉ። ትልቅ ገንዘብ ያሸነፈ ሰው ሲኖር፣ አዛውንት ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ተጫዋችና ዲለር ሲጨቃጨቁ ይደውላሉ። የጠረጴዛውን ቁጥር ይነግሩሃል፣ ካሜራውን ታዞራለህ፣ ያየኸውን ትናገራለህ፣ ሰዓቱን መዝገብ ላይ ታሰፍራለህ። ሌሊቱን ሙሉ ይኸው ነው።

ጭቅጭቁ የሚመጣው በነጋታው ነው። “‘ክፈሉ’ ስላላችሁን ከፈልን” ይላሉ ከታች። “‘ቆዩ’ ነው ያልነው” እንላለን ከላይ። ገንዘቡ ሄዷል። መዝገቡ ላይ ያለው “8፡40፣ ጠረጴዛ 6፣ ጥያቄ” ብቻ ነው። ማን ያሸንፋል? ደሞዙ ትልቅ የሆነው። እዚህም እንደዚያው ነው መሰለኝ፣ ሳቃችሁ ነገረኝ።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። ጽሑፍስ ቢሆን በማን እጅ ነው? ከዚህ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ፣ ሐይቅን አልፋችሁ፣ ውጫሌ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል ሁለት ቅጂ ነበረው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በጣሊያን በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ይላል። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነው። የዚያ መዘዝ አድዋ ድረስ ሄደ። ወሎዬ ስለ ቅጂ ምክር አያስፈልገውም ለማለት ነው።

ስለዚህ የካሜራ ክፍል ስልክ ይቀዳ ሲባል እኔ የመጀመሪያው ደጋፊ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፣ ልብ በሉ። ለዝቅተኛው ሠራተኛ ከቅጂ የተሻለ ምስክር የለውም።

ሌላም ምክንያት አለ። የካዚኖ ሌባ በካርታ ብቻ አይመጣም። በስልክ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ላስ ቬጋስ ውስጥ ከአንድ ካዚኖ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ በስልክ ወጣ። ደዋዩ የካዚኖው ባለቤት ነኝ አለ። ለእሳት አደጋ መከላከያ አስቸኳይ ክፍያ አለብን አለ። ገንዘቡ በየተራ ከገንዘብ ቤት እየወጣ ውጭ ለሚጠብቅ ሰው ተሰጠ። ካሜራው ሁሉን አይቷል። ምን ያደርጋል፣ ካሜራ የሚያየው የራሱ ሠራተኛ የራሱን ገንዘብ ይዞ ሲወጣ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም አካባቢ ኤምጂኤም የተባለው ግዙፉ የካዚኖ ኩባንያ ኮምፒውተሮቹ በሰርጎ ገቦች ተጠለፉ። መነሻው ሠራተኛ መስሎ የይለፍ ቃል የጠፋበትን ሠራተኛ የሚረዳው ክፍል ጋ የደወለ ሰው እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ኩባንያው ጉዳቱን ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

እናንተ ይሄን ታውቁታላችሁ። “ሃሎ፣ ከባንክ ነው፣ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ።” እናቶቻችን ስንቱን ብር በዚህ አጡ! የባንክ ቅርንጫፍ ስልክ ቢቀዳ ቢያንስ ማን ምን እንዳለ ይታወቃል። ስለዚህ መቅዳት ክፉ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

እንግዲህ ወደ ራሴ ታሪክ ልግባ። የካዚኖውን ስም አልናገርም፣ ከተማውንም። ለእናንተም አይጠቅምም።

ካሜራ ክፍል ሞባይል ይዞ መግባት አይቻልም። ውጭ ሳጥን ውስጥ ቆልፈህ ትገባለህ። ለድንገተኛ ነገር ቤተሰብ የክፍሉን ቁጥር ይይዛል። እኔም ለታላቅ ወንድሜ ሰጥቼው ነበር። በሰባት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳን ደውሎበት አያውቅም።

አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ከ12 ላይ ስልኩ ጮኸ። ደሴ ላይ ቀን ነው፣ ምሳ ተበልቷል። ባልደረባዬ ለእረፍት ወጥቷል፣ ብቻዬን ነኝ። አነሳሁት። “እንዴት አደርክ ወንድሜ” አለኝ። ለእኔ ሌሊት መሆኑን ያውቃል፣ እንዴት አደርክ አይለኝም ነበር። ከዚያ “እማ ትንሽ አሟት ነበር” አለ።

ነበር። ይቺን ቃል ሰማኋት። አሟታል አላለም። አሟት ነበር አለ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይሄን እናንተ ታውቁታላችሁ። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚነገረው። ወንድሜ ግን ባሕር ማዶ ማንን ይላክ? ከቀብር ተመልሰው፣ ሽማግሌ ተማክሮ ነው የደወለው። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እንደጮህኩ አስታውሳለሁ። ሁለተኛው መስመር ሲጠራም አስታውሳለሁ፣ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል። አላነሳሁትም። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ። መዝገቡን አወጣሁና “9፡12፣ የግል ጥሪ፣ 4 ደቂቃ” ብዬ ጻፍኩ። ፈረቃዬን ጨርሼ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ቢሮ ጠሩኝ። በዚያ ሌሊት አንድ የብላክጃክ፣ ማለትም የካርታ ጨዋታ፣ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ዙር ጨዋታ ሁለት ጊዜ ተከፍሏል። ከታች ያሉት “ካሜራ ክፍል ደውለን ክፈሉ ተባልን” ብለዋል። ሰዓቱ 9 ከ15 ገደማ። ቅጂውን ሲከፍቱ ያገኙት የእኔን ድምፅ ነው። በማያውቁት ቋንቋ የሚጮህ ሰው። ገንዘቡ በጠፋበት ደቂቃ።

እስኪ በእነሱ ቦታ ሁኑ። እኔ ራሴ ብሆን እጠረጥራለሁ።

አስተርጓሚ ፈለጉ። የቀረበላቸው የሆቴሉ ክፍል አጽጂ የሆነች የጎንደር ሴት ነበረች። ኮሪደር ላይ አንገቴን ደፍቼ የማልፋት ሴት ማለት ነው። ሄድፎን አድርገውላት “ምን እያለ ነው?” አሏት። አዳመጠች። ሄድፎኑን አወለቀች። “እናቱ ሞታ ነው” አለችና ማልቀስ ጀመረች። ይሄን የነገረኝ አለቃዬ ነው፣ በጣም አፍሮ።

ቅጂው ነጻ አወጣኝ። ሁለተኛው መስመር ጠርቶ ጠርቶ እንደተዘጋ፣ ማንም “ክፈሉ” እንዳላለ ተሰማ። ከታች የዋሸው ሰው ታወቀ። እኔም በዚያው ስብሰባ፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ የሐዘን መግለጫና የቃል ማስጠንቀቂያ አንድ ላይ ተቀበልኩ። ማስጠንቀቂያው ሁለተኛውን መስመር ስላላነሳሁ ነው።

በማግስቱ ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ያቺ የጎንደር ሴት ነበረች፣ ከሦስት ሰው ጋር። ጀበናዋን በፌስታል ይዛለች። “አንተ፣ ብቻህን ታለቅሳለህ?” አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ግራና ቀኝ ያዙኝ።

ይሄው ነው ያስቸገረኝ። ያ ቅጂ ባይኖር ኖሮ ተባርሬ ነበር፣ ምናልባትም ተከስሼ። ያ ቅጂ ባይኖር ኖሮ ያቺ ሴት አትመጣም ነበር። እና ያ ቅጂ ስላለ፣ አራት የማላውቃቸው ሰዎች ለእናቴ የጮህኩትን እያቆሙ፣ ወደኋላ እየመለሱ ሰምተውታል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ልጣልላችሁ ብል ዋሽቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጉን ማንበብ የጀመርኩት። ሥራ ስቀጠር አንድ ወረቀት ፈርሜአለሁ፣ መስመሩ እንደሚቀዳ የሚል። ስልኩም ላይ ተለጥፎበታል። እኔ ፈርሜአለሁ። ወንድሜ ግን ምን ፈረመ?

አሜሪካኖቹ በዚህ አንድ አይደሉም። የፌዴራሉ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ1968ቱ፣ ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች አንዱ ካወቀና ከፈቀደ መቅዳት ይቻላል ይላል። ክፍለ ግዛቶች ማጥበቅ ይችላሉ። ላስ ቬጋስ ያለችበት ኔቫዳ ለስልክ ጥሪ የሁሉንም ተነጋጋሪ ፈቃድ ትፈልጋለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዲህ ብሎ ወስኗል። አትላንቲክ ሲቲ ያለችበት ኒው ጀርሲ የአንዱ ፈቃድ ይበቃታል። ስለዚህ አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዓይነት ካሜራ ክፍል፣ አንድ ዓይነት ስልክ፣ ሁለት ሕግ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን እ.ኤ.አ. የ1983ቱን የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ነው። ሴትየዋ ማስታወቂያ በስልክ የምትሸጥ ነበረች። የሽያጭ ጥሪዎቿ እንደሚደመጡ ታውቃለች። በምሳ ሰዓት ከወዳጅ ስልክ መጣላት፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ስላደረገችው የሥራ ቃለ መጠይቅ አወሩ። አለቆቿ ጆሮ ጥለው ኖሯል። ፍርድ ቤቱ ምን አለ መሰላችሁ? አሠሪ ጥሪው የሥራ ይሁን የግል እስኪለይ ድረስ ማዳመጥ ይችላል። የግል መሆኑን ካወቀ በኋላ ጆሮውን ማንሳት አለበት። እኔ ይሄን ሳነብ ያሰብኩት የእኔን ጩኸት ነው። የግል መሆኑን ለመለየት አማርኛ ማወቅ ያስፈልጋል እንዴ? ለቅሶ በየትኛው ቋንቋ ነው የማይታወቀው?

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ አሊሰን ሃልፎርድ የምትባል ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ነበረች። እድገት የተከለከልኩት ሴት ስለሆንኩ ነው ብላ ከሰሰች። ቢሮዋ ሁለት ስልክ ነበራት፣ አንዱ ለግል ጉዳይዋ የተሰጣት። ጥሪዎቿ ተጠልፈዋል ብላ አቤት አለች። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ፈረደላት። ከቢሮ የሚደረግ ጥሪም በግል ሕይወት ጥበቃ ሥር ነው አለ። ሁለተኛውን ስልክ ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የእኛስ? በእኛ አቆጣጠር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ድምፃችሁ የግል ዳታ ነው። የሰው ዳታ የሚይዝ ድርጅት ለምን እንደያዘው ማወቅና መናገር አለበት፣ ከዚያ ዓላማ ውጪ ሊጠቀምበት አይገባም፣ ዕድሜ ልኩንም ሊያስቀምጠው አይችልም። ደረቅ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ቡናው ሊደርስ ነው፣ ታገሱኝ።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። መዝገብ ለሥራው የሚበቃውን ያህል ይይዛል። “9፡12፣ የግል ጥሪ፣ 4 ደቂቃ።” ሥራው ከዚህ በላይ ስለ እናቴ ማወቅ አያስፈልገውም። ድምፅ ግን ቆርጦ አይወስድም፣ ሁሉን ይጠርጋል። ሳሉን፣ ንዴቱን፣ “ነበር” የምትለዋን ቃል። ስለዚህ ድምፅ የሚቀዳ ቤት ከመዝገብ ያዥ የበለጠ ይጠንቀቅ።

እንዴት ትሉኝ ይሆናል። አንዱን የሃልፎርድ ስልክ ነግሮናል። የሚቀዳ መስመር ያለበት ክፍል የማይቀዳ ስልክ ይኑረው። አንድ፣ ግድግዳ ላይ። ስንት ብር ነው? የሆቴል ሪሴፕሽን ላይ፣ የባንክ ገንዘብ ክፍል ውስጥ፣ ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎች የጥበቃ ቤት ውስጥ። ሠራተኛው ልጁ ሲታመም የሚደወልለት በዚያ ነው። የሚቀዳው ደግሞ ይቀዳ፣ ግን የሚደውለው ሰው ሁሉ ይወቅ። “ጥሪዎ ሊቀዳ ይችላል” የምትለዋ ማስታወቂያ ታሰለቻለች፣ እኔንም ታሰለቸኛለች። ለወንድሜ ግን እሷ ብትነገረው ኖሮ “ቆይ፣ በሌላ ስልክ ልደውል” ይል ነበር።

ቁልፉም ነገር አለ። ቅጂውን ማን ይከፍታል? እኛ ጋ የፈረቃ አለቃ ሁሉ ይከፍት ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ሌሊት ላይ፣ ለሳቅ የሚያዳምጡ እንደነበሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የባንክ ካዝና በሁለት ሰው ቁልፍ ነው የሚከፈተው፣ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቅጂም እንደዚያ ይሁን። የከፈተው ሰው ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ለምን እንደከፈተ ይጻፍ። ቅጂው ጆሮ ከሆነ ጆሮውንም የሚያይ ዓይን ያስፈልገዋል።

አንድ የጥበቃ ኃላፊ ጠየቁኝ። “ሠራተኛ የማይቀዳውን ስልክ ለሌብነት ቢጠቀምበትስ?” አሉ። ይጠቀምበት ይሆናል። ሌባ ሞባይልም አለው፣ ሽንት ቤትም አለው፣ ጓደኛም አለው። ደግሞ ካሜራው አለ። ማን በስንት ሰዓት ያንን ስልክ እንዳነሳ ያያል። ያ ለአለቃ ይበቃዋል።

አንዲት የሆቴል ሠራተኛ ደግሞ “ቅጂው አሁን የት ነው?” አለችኝ። እኔም ጠይቄ ነበር። ቅጂ በተወሰነ ጊዜ ይጠፋል ይላል ደንባቸው፣ ክርክር ያለበት ግን ይቆያል። የእኔ ክርክር ነበረበት። እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ፣ “የድርጅቱ ንብረት ነው” አሉኝ። እንግዲህ የሆነ ማሽን ውስጥ አለሁ።

ቡናው ሲቀዳ ያ ባለ ሰማያዊ ሹራቡ ልጅ መጣ። ስልኩን ሁለት እጁ ላይ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ የእናትዎን ክፍል ልቁረጠው?” አለኝ። “ቁረጠው” አልኩት። አጠገቤ ቆሞ ከ“9 ሰዓት ከ12” ጀምሮ እስከ ጀበናዋ ድረስ ያለውን አጠፋው፣ አሳየኝም። እዚህ የምታነቡትን እኔው ነኝ የጻፍኩት።